መቱ ውስጥ ብቻ የሚሰማ አልበም

ሰው የሚወደውን ነገር መርጦ የወደደ ይመስለዋል። እኔ አላምንም። ሰው የሚወደው የደረሰውን ነው። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ብዙ ነገር ስለሚደርሰው የመረጠ ይመስለዋል እንጂ እሱም ያው ነው። በዚያ በደርግ ዘመን መቱ ለምንኖር ሰዎች ግን የሚደርሰን ጥቂት ስለነበር ነገሩ ግልጽ ነበር። ጋዜጣ ከታተመ ከሳምንት በኋላ ይደርሰናል። ሱሪ ፋሽኑ ካለፈ በኋላ ይደርሰናል። በሰዓቱ የሚደርሰን ዝናብ ብቻ ነበር፤ እሱም አንዴ ከመጣ መሄጃውን አያውቅም።

እኔን የደረሰኝ አንድ ካሴት ነው።

ያኔ የወባ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ በማይክሮስኮፕ የሰው ደም ማየት ነበር። ጠዋት ገብቼ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ እውላለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ሰላም የሚለኝን ሰው ሁሉ በአንድ ዓይን ነው የማየው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከመድኃኒት ረጪዎቹ ጋር ወደ ቡሬ፣ ወደ ያዮ፣ ወደ ሶር እወርዳለሁ። ከያዮ ስመለስ ያመጣሁትን የጫካ ማር አዲስ አበባ ላለ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ በቡና ጫኝ መኪና ሾፌር ላክሁለት። ማር የደረሰው ሰው እንዴት ዝም ይላል? በዚያው ሾፌር አንድ ካሴት መልሶ ላከልኝ። አብራው የመጣችው ብጣሽ ወረቀት “ይህን ሰምተህ ሰው ሁን” ትላለች። እስከዚያ ምን እንደነበርኩ አልጻፈም።

የጊታር ተጫዋቹን ስም በብዕር ካሴቱ ላይ ጽፎት ነበር። ሾፌሩ ግን ካሴቱን ያስቀመጠው በማይዘጋው መስኮት በኩል ነውና የኢሉባቦር ዝናብ ስሙን አጥቦ ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ትቶልኛል። ስለዚህ “ሰውየው” አልነው። ዛሬ ስሙን አውቀዋለሁ። ቢሆንም ዓመት ሙሉ “ሰውየው” ስንለው የኖርነውን ሰው አሁን በሙሉ ስሙ ብጠራው የሚያኮርፈኝ ይመስለኛል።

ታዲያ ካሴቱ ሲደርስ ቴፔ ሞቶ ነበር። ሞተሩን ከሚዞረው ነገር ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ላስቲክ ተበጥሷል። ያኔ መቱ ውስጥ ላስቲኩ የተበጠሰበት ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ ጋሼ ከድር ነዋ!

ጋሼ ከድር ከስልጤ አገር መጥተው ገበያው ዳር ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ከፊት ሳሙና፣ ክብሪት፣ ሲገኝ ደግሞ ስኳር ይሸጣሉ፤ ከኋላ ሬዲዮ፣ ሰዓትና ምድጃ ይጠግናሉ። መለዋወጫ የሚባል ነገር በጠፋበት ዘመን መለዋወጫው እሳቸው ነበሩ። “አይሠራም” የምትል ቃል ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም፤ የባሰበትን ዕቃ “ትንሽ ይረፍ” ነው የሚሉት። የእኔን ቴፕ ከፈቱና አዩት፣ እንደ ሐኪም አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያም ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በመቀስ ክብ አድርገው አንድ ላስቲክ ቆረጡ፣ አጠለቁ፣ ዘጉት፣ “በል ስማ” አሉኝ።

ካሴቱን ከተትኩት።

መጀመሪያ ጊታሩ ብቻውን ገባ። አንዷን ክር መታና ለቀቃት፤ እሷ ግን አልሄደችም። ቆየች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተመልሳ መጣች። ከዚያ የሰውየው ድምፅ ተከተለ፤ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚጣራ ነው የሚመስለው። አንድ ነገር ይላል፣ ጊታሩ ይመልስለታል። እንደገና ይላል፣ ጊታሩ አይሆንም ይለዋል። ሃያ ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት እንኳን እንደዚያ ተደማምጠው አይጨቃጨቁም። ከበሮው ከኋላ ሆኖ ጭቃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው አንዱን እግሩን ይነቅልና ሌላውን ለመትከል ያስባል። እንግሊዝኛው አልገባኝም፤ ሐዘኑ ግን ገባኝ። የማላውቀው አንጀት እንዳለኝ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ጋሼ ከድር የያዙትን ብሎን ማሠሪያ እንደያዙ ቀሩ። ሲያልቅ፣ “ይሄ ሰው እናቱ ሞታበታለች፣ ወላሂ!” አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጋሼ ከድር ጓሮ የሰውየው ቤት ሆነ። ባትሪ ድንጋይ ለመቆጠብ ሳምንቱን ሙሉ ቴፑን አልነካውም፤ ድንጋዮቹን ፀሐይ ሲወጣ ፀሐይ ላይ አሰጣቸዋለሁ። ፀሐይ ስትጠፋ፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ፣ ብብቴ ሥር እይዛቸዋለሁ። ከሰሚዎቹ ሁሉ የተከበሩት ኦቦ ገመዳ ነበሩ። ኦቦ ገመዳ የሶር ሰው ናቸው፤ የመሥሪያ ቤታችንን በቅሎዎች የሚጠብቁ ሽማግሌ። ሰውየውን መጀመሪያ ቀን ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙትና “ነምኒ ኩን ሂን አሪፈቱ” አሉ። ይህ ሰው አይቸኩልም ማለታቸው ነው። ከዚያ በአማርኛ ጨመሩበት፤ ሰው ማለት እንዲህ ነው፣ የዛሬ ልጆች ግን ለቅሶም ላይ እየሮጣችሁ ነው የምታለቅሱት አሉን።

እኔማ ምን ቀረኝ? መምህር ሆንኩ! የሰውየውን ዝግታ የሚያብራራ ሙሉ ትምህርት ፈጠርኩ። እውነተኛ ሐዘን ለምን ቀስ እንደሚል፣ ጥጥ ለቃሚ ባሮች ለምን እንደዚያ እንዳንጎራጎሩ፣ የሚጣደፍ ሙዚቃ ለምን ባዶ እንደሆነ ለማንም አስረዳ ነበር። ስለ ጥጥ ለቀማ የማውቀው ነገር አልነበረም። ግን አላዋቂነት መቼ ነው ማብራሪያ የከለከለው?

እርግጥ በዚያ ቴፕ የአማርኛ ካሴት ስናስገባ ዘፋኞቹ ሁሉ ጉንፋን የያዛቸው ይመስሉ ነበር። አንዲት የታወቀች ዘፋኝማ ወንድ ሆና ነው የወጣችው። ካሴቱ አርጅቷል አልን። ዝናቡ ነው አልን። ዘፋኟ ከፍቷት ይሆናል ያለም ነበር። ጋሼ ከድርን ግን ማንም አልጠረጠረም።

የውጭ ሙዚቃ ነውና ወሬው ቀበሌ ደረሰ። አንድ ቅዳሜ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ታፈሰ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ከተፍ አሉ። ጓድ ታፈሰ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን ሳቅ ከተመደበላቸው በጀት ውጭ ነበር። “ይህ የኢምፔሪያሊስት ጭፈራ ነው የሚባለው እውነት ነው?” ብለው ጠየቁኝ። በዚያን ጊዜ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የተሳሳተ መልስ የሰጠ ሰው የት እንደሚያድር አይታወቅም። ያንን ትምህርቴን በሙሉ አወረድኩላቸው፤ ጥጡን፣ ባሮቹን፣ ለቅሶውን። ቆመው ሰሙ። ሰውየው ከጉድጓዱ ሲጣራ ሰሙ። ከበሮው ጭቃውን ሲያቦካ ሰሙ። በመጨረሻ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ “ይህ የጭቁን ሕዝብ ለቅሶ ነው። ይህን የሰማ ሰው ሊጨፍር አይችልም። ይቀጥል” ብለው ሄዱ። እፎይ አልን። ሰውየውም ከዚያ በኋላ መንግሥት የሚያውቀው ለቅሶ ሆነ።

እንዲህ እያለን ዓመት ሊሞላን ሲል ወይዘሪት ሠናይት መጣች።

ወይዘሪት ሠናይት ከአዲስ አበባ የተመደበች የፊዚክስ አስተማሪ ናት። ከመጣች ወር አልሞላትም። መንገድ ላይ ሳያት ሁለቱንም ዓይኖቼን እንደምከፍት እዚህ ላይ ልናዘዝ። አንድ ቅዳሜ ዝናብ አባርሯት ጋሼ ከድር ሱቅ ገባች፤ ከጓሮ ሰውየውን ሰማችና ጆሮዋን ጣል አደረገች። ከዚያ መጋረጃውን ገልጣ ብቅ አለች።

“ይሄን አልበም አውቀዋለሁ!” አለች። “ወንድሜ ሸክላው እስኪላጥ ሰምቶታል።”

እንዲህ ያለ ዕድል ለሰው ስንት ጊዜ ይመጣለታል? ትምህርቴን ልጀምርላት አፌን ስከፍት ግን ግንባሯን ቋጠረች።

“ምን ሆኖ ነው? ታሟል እንዴ?”

ማን ነው የታመመው አልኳት። ሰውየው፣ አለችኝ፤ እንዲህ አይደለም የሚጫወተው። እኔም በሙሉ ክብሬ ይህ ሐዘን መሆኑን፣ ሐዘን ደግሞ ቀስ እንደሚል፣ የአዲስ አበባ ጆሮ በታክሲ ጥሩምባ ተበላሽቶ ካልሆነ በቀር ይህ እንደማይጠፋት አስረዳኋት። አላቋረጠችኝም። ከጨረስኩ በኋላ፣ “በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰዓት ይዤ እመጣለሁ” ብላ በዝናቡ ውስጥ ወጥታ ሄደች። የማልወደው ዓይነት ጨዋነት ነበር።

በቃሏ መሠረት መጣች። ካሴቱን አገላብጣ አየችና ላዩ ላይ የታተመውን ስልሳ የሚል ቁጥር አሳየችን። ይህ ማለት አንዱ ገጽ ሠላሳ ደቂቃ ነው አለች። ከመጀመሪያው አስጀመርን። ወይዘሪት ሠናይት ሰዓቷን አየች፣ እኛ እሷን አየን። ሠላሳ ደቂቃ ሞላ፤ ሰውየው ገና እያለቀሰ ነው። ሠላሳ ሁለት ሆነ፤ ያለቅሳል። ኦቦ ገመዳ አይዞህ በርታ የሚሉት ይመስል አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። በሠላሳ ስድስተኛው ደቂቃ ካሴቱ ቋ ብሎ ቆመ።

ወይዘሪት ሠናይት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ጋሼ ከድር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ላስቲኩ ሳይሆን አይቀርም” አለች።

ጋሼ ከድር ቀስ ብለው ተነሡ። ፊታቸው እንዲያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ዝናቡ በርትቷል፣ ልዝጋ ነው አሉ። ዝናቡ ግን ካቆመ ቆይቶ ነበር።

ሳምንቱን አስቡት! ጋሼ ከድር ከፊት ያለውን ሱቅ ከፈቱ፤ የኋላውን ግን ዘጉት። ሬዲዮ የያዘ ሰው ሲመጣ፣ “እኔ ጠጋኝ አይደለሁም፣ ሳሙና ሻጭ ነኝ” ይሉት ጀመር። ይህን የሰማች ሠናይት መንገድ ላይ አስቁማኝ ምን ባደርግ ይሻላል አለችኝ፤ ዓይኗ ውሃ አቅርሯል። ሐሙስ ዕለት ወደ ጋሼ ከድር ሄድኩ። ዓመት ሙሉ ደስ አሰኙን እንጂ ምን በደሉን አልኳቸው። ካሴቱ ከእርስዎ እጅ በፊት ድምፅ አልነበረውም አልኳቸው። “የሰውን ሰው ዓመት ሙሉ ያለ ጥፋቱ አስለቀስኩት፣ ጌታሁን” አሉኝ። እኔ የተዋረዱት በእኛ ፊት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ያፈሩት ለካ ለማያውቁት ጊታር መቺ ኖሯል።

“ታዲያ ይካሱታ!” አልኳቸው። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ቅዳሜ የጓሮው በር ተከፍቶ አገኘነው። ጋሼ ከድር ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ቴፑን ጨርቅ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። “ልጄ፣ ሰዓትሽን አምጪ” አሏት ሠናይትን። ከጎማው የቆረጧቸው ስድስት ላስቲኮች ተደርድረዋል፤ ከወፍራም እስከ ቀጭን። አንዱን ያጠልቃሉ፤ እሷ ትቆጥራለች። መለኪያዋ ብልህ ነበር፤ በድሮው ላስቲክ ስድስት ደቂቃ የፈጀ አንድ ዘፈን መርጣ፣ በአምስት ደቂቃ እስኪያልቅ ድረስ እሱን ብቻ ነው የምትለካው። ገና ነው፣ ትላለች። ይለውጣሉ። አሁንም ገና ነው። ይላጫሉ፣ ይሞርዳሉ፣ ያጠልቃሉ። አምስተኛው ላይ ሠናይት ሰዓቷን አየች፣ እሳቸውን አየች። ከዚያ እንደ ትንሽ ልጅ አጨበጨበች።

ከመጀመሪያው አስጀመርነው።

ወገኖቼ፣ ምን ልበላችሁ? ያቺ የመጀመሪያዋ ክር ስትመታ ጓሮው ውስጥ መስኮት የተከፈተ መሰለኝ። ድምፁ ከጉድጓድ ወጥቶ ከፊታችን ቆመ። ጭቃ ውስጥ ሲዳክር የኖረው ከበሮ ደረቅ መሬት አግኝቶ መራመድ ጀመረ። ጊታሩም ያቃስት የመሰለኝ ቦታ ላይ እየቀለደ ነው። የለመነ የመሰለኝ ቦታ ላይ እየተኩራራ ነው። የሚንቀጠቀጠው ያ ረጅም ድምፅ ለካ ልቅሶ አልነበረም፤ ሳቁን መያዝ ያቃተው ሰው ትከሻ ነው። ዓመት ሙሉ ያስተዛዘንኩት ሰውዬ ይስቅ ነበር! ስለዚያ ሁሉ ትምህርቴ ማፈር ነበረብኝ፤ ግን ደስታው ጊዜ አልሰጠኝም። ሠናይትን አየኋት፤ እሷም እያየችኝ ነው። ጋሼ ከድር ዓይናቸውን በነጭ ሸሚዛቸው እጅጌ ጠረጉና፣ “እናቱ ደህና ናት!” አሉ።

ኦቦ ገመዳ ብቻ ተቆጡ። “ማልቱ ኢሰ አሪኤ?” አሉ፤ ምን አባረረው ማለታቸው ነው። ሆኖም እየተቆጡ ከዘራቸው በከበሮው ልክ መሬቱን ይመታ ነበር። ከዚያ ተነሡ። ከተነሡ በኋላ የተቀመጠ ሰው የለም። ሠናይት ትወዛወዛለች፣ እኔ የወባ ኬሚካል የምረጭ ይመስል እጄን አወናጭፋለሁ፤ ጋሼ ከድር በአንድ እጃቸው ብሎን ማሠሪያቸውን ከፍ አድርገው ይሽከረከራሉ።

መጋረጃው ተገለጠ። ጓድ ታፈሰ ናቸው።

ሁላችንም ባለንበት ደረቅን። የኦቦ ገመዳ አንድ እግር አየር ላይ ቀረ። የማያፍረው ሰውየው ብቻ ጨዋታውን ቀጠለ። ጓድ ታፈሰ ቴፑን አዩ፣ እኛን አዩ።

“ይህ ያ ልቅሶው ነው?” አሉ።

አይደለም ብል ያልተፈቀደ ሙዚቃ ነው። ነው ብል ልቅሶ ላይ ስንጨፍር ተይዘናል። ሠናይት ክንዴን ያዘችኝ። በዚህ መሐል ጋሼ ከድር ብሎን ማሠሪያቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፍጹም በረጋ ድምፅ መለሱ።

“ነው፣ ጓድ። ያው ጭቁን ሕዝብ ነው። አሁን አሸንፎ ነው።”

ጓድ ታፈሰ አሰቡ። እንዲያ ሲያስቡ ሰውየው ትንሽ ዝም አለና በሚቀጥለው ዘፈን መጣ፤ ከሁሉም የሚብሰው እሱ ነበር። መጀመሪያ የጓድ ታፈሰ ኮፍያ ሲነቃነቅ አየሁ። ቀጥሎ የግራ ትከሻቸው ለብቻው ሄደ፤ ቀኙ ሊመልሰው ሄዶ እዚያው ቀረ። “ካሸነፈማ...” ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ ብቻ ብናገር ማንም አያምነኝም፤ ደግነቱ ምስክሮች አሉኝ። አንደኛዋ ምስክር ይህን ስጽፍ ከጀርባዬ ቆማ “ጊታሩ እንዴት ሳቀ ብለህ ነው የጻፍከው?” እያለች ታርመኛለች፤ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ክንዴን አልለቀቀችውም።

ሰኞ ዕለት በውይይት ክበብ ጓድ ታፈሰ ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሥተው ግለ ሂስ አደረጉ። ቅዳሜ ዕለት ምንነቱን በቅጡ ሳላጠና በአንድ ሙዚቃ ጨፍሬያለሁ፤ ይህ ከአንድ አመራር የማይጠበቅ ችኮላ ነው አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። ስህተቱ እንዳይደገም ካሴቱ በሳይንሳዊ መንገድ መጠናት ስላለበት፣ ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ በእሳቸው ዘንድ እንዲቆይ ሐሳብ አቀረቡ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የእኔም እጅ ከሌሎቹ ጋር ወጥቶ ነበር።

ጓድ ታፈሰ ጥናቱን በትጋት ያካሂዱት እንደነበር ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ይመሰክራሉ፤ ወለላቸው የሳንቃ ነው፣ የእግራቸው ድምፅ ሩቅ ይሰማል። እኔም ሁለት ጊዜ በአክብሮት የት ደረሱ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ የነገሩኝ አንድ ነው፤

“ገና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነን።”